ስንኙ ያነክሳል

በእኛ አገር ጥያቄ መጠየቅ አይከለከልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ አገሬ ክፉ የሚያወሩ ስላሉ ነው። ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቃል፤ ከዚያ እስኪገባው ድረስ እንዲብራራለት ወደ ማብራሪያ ቤት ይወሰዳል። ማብራሪያ ቤት ማለት ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ያለው፣ ግንቡ ወፍራም፣ በሩ ብረት የሆነው ሕንጻ ነው። ማብራሪያው ለአንዳንዱ ሰው አንድ ወር፣ ለአንዳንዱ አምስት ዓመት ይፈጃል። እንደ ሰዉ አእምሮ ነው ይባላል።

እኔ ጎሹ እባላለሁ። በአቤቱታ ቤት ሦስተኛው መስኮት ላይ የስንኝ መርማሪ ነበርኩ። ይህ ሥራ ሌላ አገር ላይኖር ስለሚችል አጀማመሩን ልንገራችሁ።

የአቤቱታ ቤቱ አለቃ ሊቀ ጆሮ መንበሩ ናቸው። ሊቀ ጆሮ ሹመት ነው፤ የሕዝቡን ብሶት የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ ቀኙን ደግሞ ለስልክ ይፈልጉታል። አቤቱታው ከዕለት ወደ ዕለት እየበዛ የፋይሉ ክምር የቢሯቸውን መስኮት የጋረደ ጊዜ ሰበሰቡንና እንዲህ አሉ፦

"ሕዝባችን ጨዋ ነው፤ ብሶቱ ግን ስድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም አቤቱታ በግጥም ካልቀረበ አይታይም። ልኩ የተስተካከለ፣ ቤቱ የመታ ግጥም! ገጣሚ ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው። የቀረው ቤቱ ተቀምጦ ይረጋጋል።"

አጨበጨብን። ማጨብጨብ ግዴታ አይደለም፤ ያላጨበጨበን ሰው ግን "ጥያቄ አለህ?" ይሉታል።

ለምርመራው ሥራ የታጨሁት እኔ ነኝ። በሠርግ መሃል ዘፋኝ አስቁሜ "ሁለተኛው ስንኝ ያነክሳል" የምል ሰው መሆኔን አገር ያውቃል። በዚሁ ጠባዬ የገዛ ሠርጌን ሳላይ ሸበትኩ። አንድ ቀይ እስክሪብቶና ሁለት ማኅተም ተሰጠኝ። አንደኛው "ያነክሳል" ይላል፤ ሁለተኛው "ተስተካክሏል" ይላል። ሁለተኛው ከነመጠቅለያው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ደንቡ እንደሚለው "ተስተካክሏል" የተባለ አቤቱታ ሊቀ ጆሮ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጡበት ይገባል፤ መልሱም በግጥም መሆን አለበት፤ ካልተመለሰ ግን የተጠየቀው እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ይህን አንቀጽ ማን እንዳስገባው አይታወቅም። ደንቡን ማንም ስለማያነበው ማንም አልሰረዘውም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደታሰበው ሄዱ። ለምሳሌ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ መጣ፦

መንገዳችን መሃል ጉድጓድ ተቆፍሮ፣
አማቴ ገባበት አልወጣም እስከ ዘንድሮ።

"ሁለተኛው ስንኝ በሁለት ቀለም ይረዝማል። 'አልወጣም ዘንድሮ' ቢባል ይስተካከላል" ብዬ በቀይ ጻፍኩና "ያነክሳል" የሚለውን መታሁበት። የአማትየውን ነገር አልጠየቅኩም፤ እሱ የጉድጓድ ክፍል ሥራ ነው።

ሊቀ ጆሮ በውጤቱ ደስ ስላላቸው ነገሩን ለማጠናከር ሌላ ደንብ ጨመሩ። የተጣሉት ግጥሞች ከነእርማታቸው አጥሩ ላይ ይለጠፉ፤ ባለቤቶቹም ይፈሩ፣ ሌላውም ይማርበት አሉ። ሌላው ተማረበት። ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ የእኔን ቀይ ጽሑፍ ያነብ ጀመር፤ አናጢው ቀለም እየቆጠረ ምስማር ይመታል፤ የአህያ ነጂዎች በስንኝ ይሰዳደባሉ፤ አንዱ የሳተ እንደሆነ ደግሞ ሌላው "አነከሰ!" ይለዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ እኔ ሰው የምመልስ መስሎኝ ትምህርት ቤት ከፍቼ ኖሯል።

አጥሩ ሲሞላ ሊቀ ጆሮ ወረቀት ከለከሉ። ከእንግዲህ ባለጉዳይ ግጥሙን በቃሉ አጥንቶ መስኮቱ ላይ ይበል ተባለ፤ ሰነፍ ሕዝብ መቼ በቃሉ ያጠናል ብለው ነው። ባለጉዳዩም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይላል፤ ሰልፉም ይሰማል፤ ያንድ ቀን ሰልፈኛ የሃያ ሰው ብሶት በቃሉ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

አንጓች የምትባል ሴት ወደ መስኮቴ የመጣችው ከወረቀቱ ክልከላ በፊት ነው። የመሶብ ስፌት ሰፊ ናት፤ ጣቶቿ በወስፌ የተበሳሱ፣ አርባ ዓመት የሚሆናት።

"ጌታዬ፣ ባለቤቴ ወልደአማኑኤል ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ጥያቄ አለኝ ቢል ወሰዱት" አለች። "ይኸው ሦስት ዓመቱ። ስንቅ ወስጄ ገና እየተብራራለት ነው ይሉኛል።"

በእኛ አገር ስብሰባ ላይ እጅ የሚወጣው ለመስማማት ነው። ሰውየው ጥፋቱ ግልጽ ነበር።

"በግጥም" አልኳት።

"እኔ ግጥም አላውቅም እኮ።"

"ታዲያ ማን አስጨነቀሽ? ሂጂና ተቀመጪ።"

በሳምንቱ እንዲህ የሚል ይዛ መጣች፦

ባሌ ወልደአማኑኤል ጥያቄ ቢጠይቅ ተወስዶ፣
ሦስት ዓመት ሞላው ቤቱ ሳይመጣ በዚያው ሄዶ።

"ቤቱስ ይመታል" አልኩ፤ "ስንኙ ግን እንኳን ሊራመድ መቆምም አልቻለም። ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። ቁጠሪ።"

"ስንደዶው ሲያንስ ስፌቱ ይጎብጣል፤ ሲበዛ ያብጣል። እንደዚያ ነው?"

ሠላሳ ዓመት ለሰው ሳስረዳ እንዲህ አጥርቶ የገባው አላጋጠመኝም። "እንደዚያ ነው" አልኳትና ማኅተሙን መታሁ።

ተመልሳ መጣች። እንደገና መጣች። ሌሎቹ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ይቀራሉ፤ እሷ አልቀረችም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔም፣ አልዋሽም፣ ማክሰኞ ሲደርስ አንገቴን አስግጌ ሰልፉን ማየት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ግጥሟን መልሼላት እጥፋቱን ስታስተካክል፦

"ደጃፌ ላይ ሣር በቅሏል" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። "እሱ ከተወሰደ ወዲህ ፈርቶ የሚመጣብኝ ሰው የለም። እግር ያልረገጠው ደጅ ይለመልማል ለካ።"

"ይህን ለምን አልጻፍሽውም?"

"ይህማ አቤቱታ አይደለም። ሣር ነው።"

"ጻፊው" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር በሁለተኛው መስኮት ያለው ባልደረባዬ ዞር ብሎ አየኝ።

በአሥራ አንደኛው ጊዜ ሁለቱ የመጀመሪያ ስንኞች ምንም የማይወጣላቸው ሆነው መጡ። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነበር፦ "ማብራሪያው ይቅርብኝ፣ ወልደአማኑኤልን ብቻ" ይላል።

"የባልሽ ስም ብቻውን የስንኙን ግማሽ ሞልቶ ይፈስሳል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው።"

"አሳጥሪው። ባልሽ ሰው አይደለም እንዴ? 'ሰው' በይው።"

"ስሙን ትቼ?"

"ስሙን ትተሽ" ብዬ በቀዩ ሰረዝኩት።

በስሙ ላይ ያለፈውን መስመር አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ የማስበው ስለ ቀለም ቁጥር ነበር። ዛሬ ያን ቀን ሳስታውስ አፍራለሁ። ባሏን አንድ ጊዜ ወሰዱባት፤ ስሙን ደግሞ እኔ ወሰድኩባት።

ከዚያ ወረቀት ተከለከለ። አንጓችም እንደሌላው ሰው መስኮቱ ላይ በቃሏ ትለው ጀመር፤ እኔም አንድ ስህተት እየነቀስኩ እመልሳታለሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ጊዜ እንዲህ አለች፦

ጠይቆ የሄደ ሳይመለስ ከረመ፤
ደጃፉ ላይ ሣሩ በቅሎ ለመለመ፤
ማብራሪያው ይቅርብን፣ ሰውን መልሱ ብቻ፤
ለሰው አልተገኘም ምትክም ሆነ አቻ።

"'ይቅርብኝ' ነበር እኮ የምትይው" አልኳት።

"ሰልፉ ነው የለወጠው። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች አብረውኝ ሲሉ 'ይቅርብን' ይላሉ። እኔም ለመድኩት።"

ስህተት ፈለግሁ። አጣሁ። ሁለተኛውን ማኅተም ለመምታት ደግሞ ፈራሁ። "አራተኛውን ስንኝ ትንሽ ላስብበት፤ ሰኞ ተመለሺ" አልኳት።

በዚያ ሳምንት ግጥሙ ከሰልፉ አምልጦ ከተማውን ያዘው። የማብራሪያ ቤት ዘበኞች እየተቀያየሩ ሲገቡ በእሱ ልክ ይራመዳሉ። የሊቀ ጆሮ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን አንገታቸው ላይ እንዳሳረፈ "ደጃፉ ላይ ሣሩ" እያለ ሲያንጎራጉር፣ እሳቸውም ሳያውቁት በጣታቸው የወንበሩን ክንድ ይመቱለት ነበር። ይህን ሲያውቁ ግማሽ ፂማቸውን ሳይላጩ ወደ ቢሮ መጡ።

"ይህን የጻፈው ማን ነው?"

ፋይሉ ቀረበ። ከአንጓች ጽሑፍ ይልቅ የእኔ ቀይ ይበዛ ነበር፤ በእያንዳንዱ እርማት ሥርም ፊርማዬ አለ።

"ጎሹ" አሉኝ ቀስ ብለው፤ "አንተ እንድትመልሳት ነው የቀጠርንህ ወይስ እንድታስተምራት?"

"እንድመልሳት ነው፣ ጌታዬ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መልሻታለሁ።"

ሊቀ ጆሮ ሞኝ አይደሉም። ሰውየው ከተፈታ ግጥሙ ባለጉዳይ ያጣል፣ ባለጉዳይ ያጣ ግጥም ደግሞ ይረሳል ብለው አሰሉ። ዓርብ ዕለት ወልደአማኑኤል ማብራሪያው ገብቶታል ተብሎ ወጣ። ከስቶ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ። የሰፈሩ ሰው ከቦ፣ ለመሆኑ ሦስት ዓመት ያስቀመጠህ ጥያቄ ምን ነበር ቢለው፣ ትንሽ አሰበና፦

"ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው ብዬ ነበር" አለ።

ሰኞ ጠዋት ሊቀ ጆሮ በመስኮቴ በኩል ሲያልፉ፣ ዛሬ ማንም ግጥሙን ይዞ ቢመጣ ስህተት ፈልግበት፣ ካጣህ ፍጠርለት አሉኝ። ማን ይመጣል ብዬ ተዝናንቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ከሰልፉ ፊት አንጓች ቆማለች።

"ባልሽ መጣልሽ አይደለም?"

"መጣልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ታዲያ ምን ቀረሽ?"

"ግጥሙ ባሌን አይልም እኮ ጋሼ። ሰው ነው የሚለው።" ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። "ስሙን የሰረዙት እርስዎ ነዎት።"

አንገቴን አውጥቼ ከኋላዋ ያለውን አየሁ። ሰልፉ በሩን አልፎ፣ አጥሩን ዞሮ፣ ገበያው ድረስ ይሄዳል። ወንድሙ የተወሰደበት፣ ልጇ የተወሰደችባት፣ ማንም ያልተወሰደበትም አለ። አንጓች ግጥሙን ስትጀምር ሁሉም አብረው አሉት። ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። አንድም ሰው አላነከሰም።

እዚህ ላይ ጀግና አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩኝ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ያላመንኩበትን አጨብጭቤያለሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን አማት አልፌያለሁ። ስንኝ ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም። "ያነክሳል" የሚለውን ማኅተም አነሳሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። መሳቢያውን ከፈትኩ። መጠቅለያውን ለመቅደድ ጥርሴን መጠቀም ነበረብኝ።

"ተስተካክሏል።"

ከሰዓት በኋላ መጡልኝ። ማብራሪያ ቤት በር ላይ ያለው መዝጋቢ ጥያቄዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄ የለኝም አልኩት። ጥያቄ የሌለው ሰው እዚህ አይገባም፣ ስለዚህ የግድ ጠይቅ አለኝ። ሌላ ስላልመጣልኝ ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠየቅኩት። አሁን እየተብራራልኝ ነው። አብራሪው በየጠዋቱ አንዲት ገጽ ያነብልናል፤ ገጽዋ ያው ናት።

ሊቀ ጆሮ ግን ችግር ላይ ወደቁ። ሰባት ቀን አላቸው፤ ካለፈ የተጠየቀው ተፈቀደ ማለት ነው፤ "አይቻልም" የሚለውን በግጥም ማለት አለባቸው፤ አገሩ ሁሉ ደግሞ ቀለም ቆጣሪ ሆኗል። ያነከሰ መልስ በር ላይ ቢለጥፉ የአህያ ነጂ ሳይቀር ይስቅባቸዋል። የስንኝ መርማሪያቸውን ደግሞ ራሳቸው አስረውታል። ማክሰኞ ዕለት በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ገባልኝ፦

ጥያቄያችሁን ሁሉ ተመልክተነዋል በጥሞና፣
አይቻልም ብለናል በብዙ አክብሮትና በትሕትና።

ከምድጃ ከሰል አንስቼ "ያነክሳል" ብዬ መለስኩት። ረቡዕ ሌላ መጣ፤ እሱም ያነክሳል። ሐሙስ የመጣው ቤቱ እንኳ አልመታም።

ቅዳሜ ራሳቸው መጡ። ከበሩ ማዶ ቁጢጥ ሲሉ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ። ደኅናውን ጆሯቸውን የበሩ ቀዳዳ ላይ አደረጉት።

"ጎሹ፣ ሁለት ስንኝ ብቻ። ላንተ በሩን አስከፍታለሁ። መስኮትህ ትመለሳለህ። ሌሎቹ መቼም የለመዱት ነው።"

"ላስብበት፣ ጌታዬ።"

እውነቱን ልናገር። ግጥሙን በልቤ ጨርሼው ነበር። "አይቻልም" የሚለው ቃል በእንደዚያ ያለ ውብ ስንኝ ተብሎ አያውቅም። ቤቱ ደርሶ የሚመታ፣ ጆሮ የሚያቅፈው፣ አንድ ጊዜ የሰማው ሰው የማይረሳው። ሰው ይህን ከሰማ በቃ አይቻልም ለካ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሱ ነው ያስፈራኝ፤ ደግሞም ቤቴ ናፍቆኛል። አልጋዬ ናፍቆኛል።

ዛሬ እሑድ አንጓች በሰፋችው መሶብ ስንቅ ይዛልኝ መጣች። በቀዳዳው በኩል ጣቶቿ ይታዩኛል። ከግንቡ ማዶ ሰልፉ ግጥሙን ይላል።

"አንጓች" አልኳት፤ "አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስሜ አጭር ነው። 'ጎሹን መልሱ ብቻ' ቢባል ልኩ አይነካም።"

በጣቶቿ ቆጠረች። "ልክ ነው፤ ይገባል" አለች።

"ታዲያ?"

ስትመልስልኝ ሳቅ ያለበት ድምፅ ነበራት፤ የማይጎዳ ሳቅ።

"እርስዎስ ሰው አይደሉም እንዴ፣ ጋሼ?"

ከእኔ ጋር የሚብራራላቸው አሥራ አራቱ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። የብዙዎቹን ስም አላውቅም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሁለቱ በጣም ረጅም ስም አላቸው።

የሊቀ ጆሮ የመጨረሻ ወረቀት ከምሳ በኋላ በበሩ ሥር ገባ። ሁለት ባዶ መስመር ብቻ ነው፤ እንድሞላው። ያን ውብ ግጥም ለራሴ አንድ ጊዜ በልቤ አልኩትና ተውኩት። ከሰሌን አንስቼ በባዶው ላይ "ያነክሳል" ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን መልሼ ገፋሁት።

ነገ ሰኞ ነው።